ተራ ቁጥር አርባ ሰባት

ቆላድባ፣ ከዩኒየኑ መጋዘን ደጅ፣
ዝርዝሩን ለጥፌ ቆሜያለሁ፣ ሙጫው ሳይለቅ ከእጅ።
ሦስት ገጽ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በራሴ ጣት፣
ኃይል በጠፋ ሦስት ሌሊት፣ በስልክ መብራት።
ስም፣ ጎጥ፣ የመሬት ስፋት በቃዳ፣
የድጎማው ብር፣ የቀረው ዕዳ፣
ከጎኑ ባዶ ሳጥን፣ የአውራ ጣት ማረፊያ፤
ከላይ ክብ ማኅተም፦ «የድጎማ ክፍያ፣ ለዳፕና ዩሪያ»።

ሰኔ ነው። ሰው ከጎህ ጀምሮ ተሰልፏል፤
ከመገጭ ማዶ የመጣው ጭቃው ባቱ ላይ ደርቋል፣
የዋልካ ጭቃ፣ እንደ ገምባሌ ተጠምጥሟል።
አዛናው ቢሆነኝ፣ ስምንት ቃዳ። ፈረመ፤ ተከፈለ።
ትርፌ ጓዴ፣ ሁለት ቃዳ። ጣቷን ነከረች፤ ተከፈለ።
ጫኔ ውብነህ፣ አሥራ ስድስት ቃዳ፤
ልጁ በሞተር መጣለት፣ ሳይወርድ ተቀበለ።
ከጎኔ ጠረጴዛ ብድር ሰብሳቢው ተቀምጧል፤
ከእኔ የወጣው ብር ሦስት እርምጃ ሳይሄድ እሱ ኪስ ገብቷል።
ብዙ ላለው ብዙ፣ ጥቂት ላለው ጥቂት፤
መመሪያው ነው፣ አንቀጽ አራት፣ ከሥሩ ቁጥር ሁለት።
እኔ መመሪያ አላወጣሁም።
ማባዛት ነው ሥራዬ፤ በማባዛት ተሳስቼ አላውቅም።

ከሰልፉ ወዲያ፣ ከዋንዛው ሥር፣ ዋሴ ቆሟል።
ተራ አልያዘም። ሦስቱም ገጽ ያለ ስሙ ሞልቷል።
እኩል አራሽ ነው። ስምንት ክረምት
የሰው መሬት አርሶ፣ ግማሹን ምርት
ለባለ መሬቱ ያወርዳል፣ በራሱ አህያ ጭኖ።
በሬው የሱ፣ ዘሩ የሱ፣ ጉልበቱ የሱ፣
የማዳበሪያው ብድር እንኳ ከራሱ፤
አረንጓዴው ደብተር ግን፣ የይዞታው ደብተር፣
የሌላ ሰው ፎቶ ለብሶ፣ ሌላ ሰው ቤት ነው የሚያድር።

አምና ጠይቆኝ ነበር፦ «ያረሰውስ ሰው?»
«መመሪያው የሚያውቀው» አልኩት «ባለ ደብተሩን ነው።»
«እንግዲያ መሬቱን ደብተሩ ይረሰው» አለና ሳቀ፤
እኔም ሳቅሁ፤ ቀኑም አለቀ።

ዘንድሮ አልጠየቀም። ሰልፉ ሲሳሳ ቀስ ብሎ መጣ፤
ዱላውን ተደግፎ ቆመ፤ ከኪሱ ወረቀት አላወጣ።
«ፊደል አልቆጠርኩም፤ እስቲ ያንን ሁለተኛ ገጽ አንብብልኝ፤
አርባ ሰባት ላይ ማን እንዳለ ንገረኝ።»

ማንበብ አላስፈለገኝም።
ፈንታ አስረስ፣ ስድስት ቃዳ።
አባቴ ነው።
ከሞተ ሁለት ዓመት ካምስት ወር፣
ጎንደር ሆስፒታል፣ ከመስኮቱ ጥግ፣ ጫማው ካልጋው ሥር።
ደብተሩ አልዞረም። እናቴ ዛሬ ነገ አለች፤
እጄም የአምናውን ገልብጣ፣ ቀን ብቻ ለወጠች።
ስሙ ላይ ስደርስ ብዕሬ አልቆመም።
እውነት ልናገር፦ ቆሟል። ጥቂት። ከዚያ ጻፈ።

ስድስቱን ቃዳ የሚያርሰው ዋሴ ነው።

«ፈንታ» አልኩት። ድምፄ የሌላ ሰው ነው።
«ነፍሳቸውን ይማር» አለ። «መንግሥት ደግ ነው፤ የሞተ አይረሳም።
መቃብራቸውን የቆፈርኩ እኔ ነኝ፤
እንዴት ያለ ጥቁር አፈር መሰለህ! ማዳበሪያም አይሻም።»
ዱላውን አንስቶ ወረደ፣ ዝናቡ ሳይቀድመው።

ማታ፣ በአባቴ ሳጥን፣ የገዛ አውራ ጣቴን አሳረፍኩ።
ብሩን ቆጥሬ ለሁለት ከፈልኩ፣
እኩል፣ እንደ እህሉ። ግማሹን በፖስታ አሸግኩ።
ስም ልጽፍበት አሰብኩ።

ሐምሌ ሄደ። ፖስታው መሳቢያዬ ውስጥ ነው።
ጣቴን በሎሚም በላምባም ፈትጌ
ሰማያዊው በመስከረም ለቀቀ፤
ፖስታው እዚያው ነው።

ጥር ላይ ዋሴ አህዮቹን በራችን አቆመ፤
ጤፉን አወረደ፤ ጆንያው ከግድግዳው ጋር ቆመ።
ብናኙን ከትከሻው አራገፈና
«ቁጠረው» አለኝ፣ «ሂሳብ አዋቂው አንተ ነህና።»